ሳይቆራረጥ ይሰጠኝ፦ ድሬዳዋ ላይ የአጥቢ እንስሳን አካል በፍየል ማስተማር

ውጭ አገር የታተመ የባዮሎጂ ላብራቶሪ መመሪያ ያገላበጠ ሰው አንድ እንስሳ ደጋግሞ ያገኛል። የአሳማ ፅንስ። ተማሪዎች ትሪ ላይ አጋድመው፣ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ከፍተው፣ ልቡን፣ ሳንባውን፣ አንጀቱን ተራ በተራ ያያሉ። ምርጫው ምክንያት አለው። አሳማ በብዛት በሚታረድባቸው አገሮች እርጉዝ እናት ስትታረድ ፅንሱ ተረፈ ምርት ሆኖ ይገኛል። አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን አካባቢ ስለሆነ ወደ መጨረሻው የደረሰ ፅንስ መጠኑ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል። አጥንቱ ስላልጠነከረ በመቀስ ይቆረጣል። የውስጥ አካላቱ አቀማመጥም ከሰው ጋር በጣም ይቀራረባል። አቅራቢዎች ደም ቅዳውን በቀይ፣ ደም መልሱን በሰማያዊ ላቴክስ (ፈሳሽ ጎማ) ሞልተው ስለሚሸጡት የደምን መንገድ መከተል አያስቸግርም።

እኔ የማስተምረው ድሬዳዋ ነው። ክፍሌ ውስጥ ሙስሊምም ኦርቶዶክስም አለ። ሁለቱም አሳማ አይበሉም፤ ገበያችን ላይም የለም። ስለዚህ አሳማውን ከየት እናምጣ ብሎ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። መጠየቅ ያለበት፣ የአሳማው ፅንስ የሚያስተምረውን ነገር በምን እናስተምር የሚለው ነው። መልሱ በየጠዋቱ በደጃችን እየጮኸ ያልፋል። ፍየል።

ይህን የምጽፈው ቤተ ሙከራ ለሌላቸው፣ ወይም ክፍሉ ኖሮ ዕቃው ለሌላቸው መምህራን ነው። ለአናቶሚ የሚዘጋጁ የጤና ተማሪዎችም ቤታቸው ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ «ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት» ብትሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በፌስታል ይሰጧችኋል። ልቡ ላይ የነበሩት ትልልቅ የደም ሥሮች ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ሳንባው ከአየር ቧንቧው ተለያይቷል። ከጉበቱ ላይ ሐሞቱ ተነስቷል። ለመብል ትክክል ነው። ለትምህርት ግን ዋናው ነገር ጠፍቷል። ልብ ምን እንደሚመስል ተማሪው ከመጽሐፉ ሥዕልም ያውቃል። የማያውቀው ልብ ከሳንባ ጋር በምን እንደተያያዘ፣ የምግብ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ድያፍራም የሚባለው የጡንቻ ግድግዳ ምኑን ከምን እንደሚለይ ነው። ትምህርቱ ያለው መያያዣው ላይ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከምላስ ሥር ጀምሮ የአየር ቧንቧው፣ ሳንባው፣ ልቡ፣ ድያፍራሙና ጉበቱ እንደተያያዘ ይሰጣችሁ። ልምድ ላለው አራጅ ይህ ከባድ አይደለም። መጀመሪያም ሲወጣ አብሮ ነው የሚወጣው፤ የሚለያየው ኋላ ነው። ቀፊራ አካባቢ ያለ ሥጋ ሻጭ መጀመሪያ ስጠይቀው «አቦ ቲቸር፣ ሳንባ እኮ ለድመት ነው የሚወሰደው፤ አንቺ ምን ልታረጊበት ነው?» አለኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አሁን ሳልነግረው የልቡን ሽፋን እንኳ ሳይቀድ ያስቀምጥልኛል። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ያዙት፤ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ቢዘጉም ድሬ ላይ የሙስሊሞቹ ክፍት ናቸው። ትምህርቱ ጾም ላይ ቢውልም ፍየል አይጠፋም። ብቻ ቄራ ታርዶ በእንስሳት ሐኪም የታየውን ውሰዱ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን አለ። ጠዋት የታረደ ፍየል ሳንባ ከሰዓት ሲሆን ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ አይደለም። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋር አስማሙት። ማታ በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዛችሁ፣ በረዶ ሲሆን ባልዲ ውስጥ ደርድራችሁ፣ አካሉን በንጹሕ ፌስታል ላዩ ላይ አስቀምጡት። አካል እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ፎርማሊን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟ ፎርማልዴሃይድ፣ ፈልጉ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። መስኮቱ ጠባብ በሆነና አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ለልጆች የሚሆን ነገር አይደለም። ደግሞም ትኩስ አካል ቀለሙም ልስላሴውም የሕይወት ነው። ፎርማሊን የገባበት ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ዕቃው ቀላል ነው። ሰፊ ትሪ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ አንድ ስለታም ቢላ፣ የጁስ ስትሮ፣ ቀይና ሰማያዊ ክር፣ የብስክሌት ፓምፕ። ፓምፑ ድሬ ላይ ከጎረቤት አይጠፋም።

መጀመሪያ ቢላውን ደብቁት። ከልቤ ነው። ተማሪ ቢላ በእጁ ከገባ መቁረጥ ይጀምራል፤ ከቆረጠ በኋላ የሚታየው የተቆረጠ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በጣት ብቻ ይሥሩ። የአየር ቧንቧውን ይዳስሱ። ፊት ለፊቱ ጠንካራ ቀለበት አለው፤ ከኋላ በኩል ግን ቀለበቱ አይገጥምም፣ ለስላሳ ነው። የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው ልክ በዚያ ለስላሳ በኩል ነው። ይህን በጣቱ ያገኘ ልጅ ቀለበቱ ለምን ክፍት እንደሆነ መምህር ሳይነግረው ይገባዋል። ጉሮሮው ላይ ያለችውን ክዳን ከፍና ዝቅ ያድርጓት። ስንውጥ አየር ቧንቧውን የምትከልለው እሷ ናት።

ከዚያ ፓምፑ። የፓምፑን ጎማ የአየር ቧንቧው ውስጥ አስገብታችሁ በክር አጥብቃችሁ እሰሩና ቀስ ብላችሁ ንፉ። በአፍ አይነፋም፤ ይህን ለልጆቹ አጥብቃችሁ ንገሩ። ኩምትር ብሎ የነበረው ሳንባ ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ቀለሙም ይፈካል። ክፍሉ ሁሌም እዚህ ላይ ጸጥ ይላል። አየሩን ስትለቁት ማንም ሳይጫነው ራሱ ይሟሽሻል። ወደ ውጭ መተንፈስ ለምን ብዙ ጉልበት እንደማይፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አንድ ጥሩ ዝርዝር አለ። በፍየልና በበግ የቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል የራሱ ቅርንጫፍ አለው። ቅርንጫፉ የሚነሳው ዋናው ቧንቧ ገና ለሁለት ሳይከፈል ነው። አሳማም እንዲሁ ነው። ሰው ግን በተለምዶ የለውም። ስትሮ አስገብተው ይፈልጉት፤ ሲያገኙት የሚሰማቸው ደስታ ሌላ ነው።

ከሳንባው ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ጣሉ። ይንሳፈፋል። አሁን ስለ አሳማው ፅንስ ንገሯቸው። የእሱ ሳንባ አየር ገብቶበት ስለማያውቅ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። «ታዲያ ፅንሱ ኦክስጅን ከየት ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። አትመልሱላቸው። መልሱ ልቡ ላይ ነው ያለው።

ልቡን ሽፋኑን ቀዳችሁ አውጡ፤ ከሳንባው ግን አትለዩት። ግራና ቀኙን በመጭመቅ ይለዩ። ቀኙ ሲጫኑት ይለመጣል። ግራው ድርቅ ያለ ነው። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ወደ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ሁለቱም በአንድ ምት የሚገፉት ደም መጠኑ እኩል ነው። ልዩነቱ መድረሻው ነው። ቀኙ አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ይልካል። ግራው እስከ ሰኮና ድረስ ማድረስ አለበት። ብዙ መጻሕፍት ውፍረቱን ይጽፋሉ፣ ልጁም ለፈተና ይሸመድደዋል። በአውራ ጣቱ የተጫነው ልጅ ግን አይረሳውም።

ቀጥሎ ክሩን አውጡ። ወደ ልብ ቀኝ በሚገባው ትልቅ ደም መልስ ስትሮ ስደዱ። የላይኛው ክፍል ገባ፣ ወደ ታችኛው ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ በሚሄደው ሥር ወጣ። ሳንባው አብሮ ስላለ ሥሩ ሳንባ ውስጥ ሲገባ በዓይን ይታያል። ተቆርጦ የመጣ ልብ ይህን ፈጽሞ አያሳይም። ኦክስጅን ያነሰው ደም ባለበት ሥር ሁሉ ሰማያዊ ክር እሰሩ። ከሳንባ ተመልሶ ወደ ግራ በሚገባው ሥርና ከግራው ወደ መላ አካል በሚወጣው ትልቅ ሥር፣ በአኦርታ ላይ ቀይ። እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ መነሳቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ ደም ቅዳ ቀይ ነው ብለሽ አልነበር? ይሄ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ሆኖ ለምን ሰማያዊ ታሰረ?» ይላል። ጥያቄው ወርቅ ነው። ደም ቅዳ ማለት ከልብ የሚወጣ፣ ደም መልስ ማለት ወደ ልብ የሚመለስ ነው። ቀለሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዓመታት በሸመደደው ላይ ያን ጊዜ ራሱ ማስተካከያ ያደርጋል።

አሁን ወደ ፅንሱ ጥያቄ። አኦርታውና ወደ ሳንባ የሚሄደው ሥር ተጠጋግተው በሚያልፉበት ቦታ ስቡን በጣት ግፉት። አጭርና ጠንካራ ጅማት ሁለቱን አያይዟቸው ታገኛላችሁ። ፍየሉ ፅንስ በነበረበት ጊዜ ይህ ጅማት ክፍት ቧንቧ ነበር። ሳንባው ሥራ ስላልጀመረ ከልቡ ቀኝ የወጣው አብዛኛው ደም ሳንባ ውስጥ ሳይገባ በዚህ አቋራጭ ወደ አኦርታ ይገባ ነበር። ሁለተኛውም አቋራጭ አለ። የቀኙን የላይኛውን ክፍል ክፈቱና ከግራው የሚለየውን ግድግዳ ወደ መስኮት አዙራችሁ ተመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ ስስ የሆነ ጎድጓዳ አለ። እሱም በፅንስነት ቀዳዳ ነበር። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከእናት ነው፤ በእንግዴ ልጅና በእትብቱ ደም መልስ በኩል። ሲወለድ፣ የመጀመሪያውን አየር ሲስብ፣ ሁለቱም አቋራጮች መዘጋት ይጀምራሉ። የእኛም ልብ ላይ ሁለቱም ምልክቶች አሉ።

የአሳማው ፅንስ እነዚህን ክፍት ሆነው ያሳያል። ፍየላችን ተዘግተው ያሳየናል። እኔ ሁለቱን አብሬ አሳያለሁ። የፅንሱን ቪዲዮ ቀድሜ ስልኬ ላይ አውርጄ እመጣለሁ፤ ጅማቱን በጣታቸው ይዘው ቪዲዮው ላይ ክፍቱን ቧንቧ ያያሉ። በዚህ መንገድ ሲማሩት ፅንሱ እጃቸው ላይ አለመኖሩ ያን ያህል አይጎዳም። ሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የገባች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ክፍል አናቶሚ ላይ ስትደርስ «የማውቀው ነገር ነበር» ብላ ጽፋልኛለች።

ቫልቮቹን፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን በሮች፣ ሳታዩ ቢላውን አታጥቡ። አኦርታው ውስጥ የረጋውን ደም አጥባችሁ ውሃ አፍስሱበት። ቫልቮቹ ተዘግተው ውሃውን ይይዙታል። ከዚያ የግራውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁ። ነጫጭ ቀጫጭን ጅማቶች የቫልቩን ጠርዝ ከግድግዳው ጋር አስረውታል። ጎትተው ይሞክሯቸው። ጥንካሬያቸው ያስገርማል።

ሆድ ዕቃው ሌላ ቀን ነው። ሽታ ስላለው ውጭ፣ ዛፍ ሥር ይሠራ። እዚህ ላይ ፍየል ከአሳማም ከሰውም እንደሚለይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አሳማና ሰው አንድ ክፍል ያለው ጨጓራ አላቸው። ፍየል አራት ክፍል አለው፤ ስለሚያመሰኳ ነው። ትልቁ ጨጓራ፣ የማር እንጀራ የመሰለው፣ ቅጠል ቅጠል ሆኖ የተደራረበው፣ በመጨረሻም ከእኛ ጨጓራ ጋር የሚመሳሰለው አሲድ የሚያመነጨው ክፍል። እናቷ ዱለት የምትሸጥ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ነበረችኝ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲቆሙ እሷ አራቱን አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ የትኛው ቶሎ እንደሚጸዳ፣ የትኛው እንደሚያስቸግር ነገረችን። እኔ የጨመርኩት እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች። ከቤት የሚመጣ እውቀት እንዲህ ቦታ ሲያገኝ ማየት ደስ ይለኛል።

የጨጓራውን ክፍሎች የሸፈነውን ሞራ ቀስ ብላችሁ አንሱት። አካባቢያችን ሞራ የሚያነቡ ሽማግሌዎች ስላሉ ልጆቹ ስሙን ያውቁታል፤ ከየት እንደሚወጣ ግን ብዙዎቹ አላዩም። ስብ የተሸከመ መረብ መሰል ስስ ሽፋን ነው፣ የደም ሥሮቹ ግልጽ ሆነው ይታዩበታል። እኛም አለን።

አንጀቱን ስትዘረጉት ቦታ አዘጋጁ። የፍየል ቀጭኑ አንጀት ወደ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሰው 6 ሜትር ገደማ ነው። ቅጠል መፍጨት ጊዜ ይፈልጋል። ትልቁ አንጀት ላይ ስትደርሱ የተጠቀለለውን ክፍል አትፍቱት። ከውጭ ወደ መሐል ዞሮ፣ ከመሐል ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ውሃው እዚህ ይመጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ክፍል በጠጡ አንድ በአንድ እየተፈጠረ ታያላችሁ። ልጆቹ በጠጥን ዕድሜ ልካቸውን ሲረግጡት ኖረዋል፤ ሲሠራ ግን አላዩም።

ጉበቱ ላይ ሐሞቱን አሳዩ። ቱቦው ወደ አንጀት መግባቱንም ይከተሉ። ድሬም ሐረርም የግመል ሥጋ የሚበላበት ስለሆነ አንድ ጥያቄ ልጆቹ ወደ ቤት ይዘው ይሂዱ፤ የግመል ሐሞት ከረጢት የታል? ግመል የለውም። ጉበቱ ሐሞት ያመነጫል፣ የሚያጠራቅምበት ከረጢት ግን የለውም። የግመል ሥጋ ሻጮቹ በደንብ ያውቁታል፤ ጠይቀው ይምጡ።

ኩላሊቱ አጭር ነው። ለሁለት ሰንጥቁት፣ የውጩንና የውስጡን ቀለም ለዩ፣ የሽንት ቱቦውን ተከተሉ። የፍየልና የበግ ኩላሊት ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ከሰው ጋር ይመሳሰላል። የከብት ግን ጉብ ጉብ ያለ ነው።

አሁን ጥንቃቄው፤ በእንስሳት ሐኪም የታየውን ውሰዱ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ልታገኙ ትችላላችሁ። ሃይዳቲድ ነው። ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ጥገኛ ትል እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ፍየሉ ከሣር ጋር ይበላዋል፣ ጉበቱና ሳንባው ላይ እንዲህ ያብጣል። ውሻ ያንን ከረጢት ሲበላ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ሰውም ከውሻ በሚመጣው እንቁላል ይያዛል፤ ጉበቱ ላይ ያው ከረጢት ይወጣበታል። ስለዚህ ትምህርቱ ሲያልቅ ቁራጩን ለግቢው ውሻ መወርወር የለም። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መጣልም የለም። አቃጥሉት ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ሐረር ያላችሁ መምህራን ደግሞ ማታ ጅብ እንደሚያልፍ አስቡ፤ ጉድጓዱ ጠልቆ ላዩ በድንጋይ ካልተጫነ ያወጣዋል።

የፍየል ፅንስ እንሥራ የሚል ሰው ይኖራል። ፍየል 150 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ ሐሳቡም ከአሳማው ጋር ይቀራረባል። እኔ ግን አልመክርም። በተለይ አስወርዳ የጣለችውን ፅንስ ወይም የእንግዴ ልጁን በፍጹም አትንኩ፣ ልጆችም አያምጡ። ብሩሴሎሲስና ኪው ፊቨር የሚባሉት በሽታዎች ወደ ሰው ከሚገቡባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እርጉዝ ሴት ካለች ከዚህ ሁሉ መራቅ አለባት። የእንስሳት ሐኪም ሳያይ ፅንስ ክፍል ውስጥ አይገባም።

እጁ ላይ ቁስል ያለው ልጅ መዝጋቢ ይሁን። መንካት የማይፈልግም እንዲሁ። አስገድዳችሁ አታስነኩ። ሃይማኖቱን ጠቅሶ የሚያመነታ ካለ ፍየሉ በማን እንደታረደ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው መብላቱ እንጂ መማሩ አይደለም። ብዙዎቹ ከሩቅ ቆመው ይጀምሩና ሳንባው ሲነፋ ቀረብ ይላሉ። የማይቀርብም አለ፤ እሱም ማስታወሻውን በደንብ ከጻፈ ተምሯል።

ፈተናዬ በቃላት አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የደም ጠብታ ከቀኝ ጀምሮ ሳንባ ደርሶ በአኦርታ እስኪወጣ ያለፈበትን መንገድ ይሥልልኛል፣ በቀይና በሰማያዊ። ከሥዕሉ ጎን የትኛውን ቦታ በጣቱ እንደነካ ይጽፋል። ሥዕሉ የተሳሳተበት ተማሪ ልቡ ገና በረዶው ላይ እያለ ወደ ትሪው ይመለስና ስትሮውን እንደገና ይሰዳል። ነጥብ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።